ቲማቲሜን በምን ላቁመው?

የበረንዳ ጓሮ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

እንዴት ከረማችሁ ውድ አንባቢዎች። ባለፈው እትም በ20 ሊትር ባልዲ ተተክሎ ሲባጎ ይዞ እስከ በረንዳዬ ጣሪያ የወጣውን ቲማቲሜን ፎቶ ካወጣን ወዲህ የመጣልኝ ጥያቄ ሌላ ጊዜ በሦስት ወር የሚመጣውን ያህል ነው፣ ስለዚ የዛሬውን አምድ በሙሉ ለቲማቲም ሰጥቼዋለሁ። ስለ ቆስጣና ስለ ሰላጣ የጠየቃችሁ ታገሱኝ፣ አልረሳኋችሁም። ተመሳሳይ የሆኑትን ሰብስቤ ከየአይነቱ አንድ አንድ መርጫለሁ፣ የራሳችሁን ደብዳቤ እዚህ ባታገኙት እንኳ መልሱ ከአንዱ ውስጥ አይጠፋም።

ጥያቄ፣ ከሰሚት፦ "ሰላም እህቴ። ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው የምኖረው። በሁለት የቀለም ባልዲ ቲማቲም ተክዬ በጣም ደስ የሚል ሆኖ አድጎልኝ ነበር፣ ወገቤ ጋ ሲደርስ ግን መዝመም ጀመረ፣ ዱላ ተከልኩለት፣ ከዛ አንድ ቀን ከሰዓት ነፋስ መጣና ባልዲውንም ዱላውንም ቲማቲሙንም አንድ ላይ ጣለው። አንዱ ግንድ ተሰበረ፣ አለቀስኩ ብልሽ ታምኚኛለሽ? የት ጋ ነው ያጠፋሁት?"

መልስ፦ አምንሻለሁ የኔ እህት፣ ሁለት ወር ውሃ ተሸክመሽ ያሳደግሽው ነገር ነው እኮ። መጀመሪያ የተሰበረውን እናድን። ግንዱ ሙሉ በሙሉ ካልተበጠሰ፣ በአንድ ጎኑ በልጡ ተያይዞ ከሆነ፣ ቀስ ብለሽ አቅኚውና ልክ ወጌሻ እንደሚያደርገው ከሁለት ወገን ስንጥር አስደግፈሽ በጨርቅ ወይ በፕላስተር እሰሪው፣ ብዙ ጊዜ ይገጥማል። ከተበጠሰ ደሞ ጫፉን አትጣይው። የታች ቅጠሎቹንና አበባውን አንስተሽ ውሃ ባለው ጠርሙስ ጥላ ቦታ አቁሚው፣ ቲማቲም ከግንዱም ሥር የሚያወጣ ተክል ስለሆነ በ1 ወይ በ2 ሳምንት ውስጥ ነጫጭ ሥር ታያለሽ፣ ያኔ ትተክይዋለሽ፣ አዲስ ቲማቲም ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ዱላው ዘግይቶ መጣ፣ አንደኛው ነገር ይሄ ነው። ተክሉ ወገብ ሲደርስ ባልዲው ውስጡ በሙሉ ሥር ነው፣ ያኔ ዱላ ስትወጊበት ሥሩን እየቆራረጥሽ ነው የምትገቢው። ሁለተኛውና ዋናው ግን ዱላው የቆመው እዛው ባልዲ ውስጥ ባለው አፈር ነው፣ ባልዲው ራሱ ሲወድቅ ዱላው ምን ይዞ ይቁም? ማሳ ላይ ቢሆን ዱላው መሬት ይይዘዋል፣ ዝዋይና መቂ አካባቢ ገበሬው አጣና ሰክቶ በሲባጎ የሚያስረው መሬቱ ስለሚይዝለት ነው። በረንዳ ላይ ግን ማቆሚያው ጫፉ ላይ ከባልዲው ውጪ የሆነ ነገር መያዝ አለበት፣ የመስኮት ብረት ሊሆን ይችላል፣ የልብስ ማስጫ ብረት ሊሆን ይችላል፣ ጣሪያው ላይ በቡሎን የገባ ሜንጦ ሊሆን ይችላል። እኔ ችግኝ ለመትከል ባልዲ ከማዘጋጀቴ በፊት ሁሌ ቀና ብዬ ነው የማየው፣ ከላይ የማስርበት ነገር ከሌለ ባልዲውን እዛ ቦታ አላስቀምጥም።

ከዛ አይነቱን እወቂ። ቲማቲም ሁለት ባህሪ አለው። አንዱ ቁመቱ 1 ሜትር ገደማ ሲደርስ ጫፉ ላይ አበባ አውጥቶ ማደግ የሚያቆመው ነው፣ እዚህ አገር በብዛት ዘሩ የሚሸጠው ሮማ ቪኤፍ፣ መልካ ሾላ፣ መልካ ሰልሳ እንደዚህ ናቸው (መልካ የሚባሉት መልካሳ ካለው የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ናቸው፣ ሮማ ላይ ያሉት ቪ እና ኤፍ የሚሉት ፊደሎች ደሞ ቨርቲሲሊየምና ፉዛሪየም የሚባሉትን ከአፈር የሚነሱ አጠውላጊ ፈንገሶች ይቋቋማል ማለት ነው፣ የዘር ፓኬት ስትገዢ እነዚህን ፊደሎች ፈልጊ)። ለነዚህ ሦስት ቀጭን አጣና ወይም ቀርከሃ በባልዲው ጠርዝ ዙሪያ ሰክተሽ ጫፋቸውን እንደ ጎጆ አንድ ላይ ማሰርና ያንን ጫፍ በአንድ ገመድ ከብረቱ ጋር ማያያዝ ይበቃል። ሌላው አይነት ማደግ የማያቆመው ነው፣ አብዛኛው ቼሪ ቲማቲም እንደዛ ነው፣ ቦታ ካገኘ 2 ሜትርም ያልፋል፣ ለሱ ዱላ አይበቃም፣ ከላይ የሚወርድ ሲባጎ ነው የሚያስፈልገው።

የሲባጎው አሰራር እንዲህ ነው። ከላይ ብረቱ ላይ ታስሪያለሽ፣ ግማሽ ሜትር ወይ ከዛ በላይ ትርፍ ጠቅልለሽ እዛው ትተይለታለሽ፣ የታችኛውን ጫፍ ግንዱ ሥር ከመጀመሪያው ጠንካራ ቅጠል በታች ላላ አድርገሽ ታስሪያለሽ፣ ላላ ስል ትንሿ ጣትሽ በደንብ የምታልፍበት ማለቴ ነው፣ ምክንያቱም ያ ግንድ ገና አውራ ጣት ያህል ይወፍራል፣ ጠብቆ ከታሰረ ራሱን አንቆ ይሞታል። ከዛ በየ3 በየ4 ቀኑ የግንዱን ጫፍ ሲባጎው ላይ አንድ ዙር ታዞሪዋለሽ፣ በቃ። ይሄን ጠዋት አታድርጊው፣ ጠዋት ግንዱ ውሃ ጠጥቶ ስለሚያድር ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ከሰዓት ላይ ለስለስ ይላል። ጣሪያ ሲደርስ ከላይ የተውሽውን ትርፍ ሲባጎ ትንሽ ለቀቅ አድርገሽ ግንዱን ዝቅ ታደርጊዋለሽ፣ ከታች ፍሬው የተለቀመለት ባዶ ግንድ ባልዲው ላይ ይጠቀለላል፣ ምንም አይሆንም። ለማሰሪያ ቃጫ ወይ የጨርቅ ቁራጭ ጥሩ ነው፣ ቀጭን ናይለን ግንዱን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። ዱላ ላይ ስታስሪ ደሞ ማሰሪያው በዱላውና በግንዱ መሀል ተጣምሞ የ8 ቁጥር ቅርፅ ይያዝ፣ እንደዛ ሲሆን ግንዱ ከዱላው ጋር አይፋጭም።

ስለ ባልዲው፦ 20 ሊትር ትንሹ ነው፣ ከዛ በታች ለቁመታም ቲማቲም አትሞክሪ። ታቹ 6 ወይ 7 ቦታ ይበሳ። አንዳንዱ ውሃ እንዲወርድ ብሎ ከታች ጠጠር ይደለድላል፣ እውነት ለመናገር አይረዳም፣ ውሃው ጠጠሩ ጋ ሲደርስ ከመውረድ ይልቅ እላዩ ያለው አፈር ውስጥ ይቆማል፣ የሥሩንም ቦታ ይቀንሳል። አፈሩ መረሬ ብቻ ከሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል ሲርስ ጭቃ ይሆናል፣ ስለዚ አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ደሞ ደቃቅ ሬድ አሽ ወይም የቆየ የቡና ገለባ ቀላቅይ። ችግኙን ስትተክይ እስከ መጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ድረስ ግንዱን ቅበሪው፣ የተቀበረው ግንድ በሙሉ ሥር ያወጣል። አንድ ነገር በጣም አደራ ልበልሽ፣ የራሰ 20 ሊትር አፈር ከ25 ኪሎ በላይ ነው፣ የበረንዳው መደገፊያ ግንብ ላይ ማንም ሰው ባልዲ እንዳያስቀምጥ፣ ከታች ልጆች ይጫወታሉ። ወለሉ ላይ፣ ግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጥ።

ጥያቄ፣ ከባህር ዳር፦ "ቪዲዮ ላይ ሁሉም ሰው ቅርንጫፉን ቁረጡ ይላል። እናቴ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ጓሮ ውስጥ ቲማቲም ስትተክል አንድም ቅርንጫፍ ቆርጣ አታውቅም፣ እንደውም እኔ ስቆርጥ አይታ ተቆጣችኝ። ማን ነው ልክ?"

መልስ፦ እናትህ ልክ ናቸው፣ ለጓሯቸው። መሬት ላይ ሰፊ አፈር አለ፣ ሥሩ እንደፈለገ ይሄዳል፣ ተክሉ እንደፈለገ ይንሰራፋል፣ ብዙ ቅርንጫፍ ማለት ብዙ ፍሬ ነው። ባልዲ ውስጥ ያለው ሥር ግን አንድ ክፍል ቤት ውስጥ እንዳለ ቤተሰብ ነው፣ 8 ቅርንጫፍ መመገብ አይችልም፣ ሲባጎም ላይ 8 ቅርንጫፍ አይወጣም። ስለዚ ለማያቆመው አይነት 1 ወይም 2 ዋና ግንድ ብቻ አስቀርተህ ሌላውን ታነሳለህ። የሚነሳው የቱ እንደሆነ ለመለየት ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ ብብቱን በለው፣ እዛ ጋ ተመልከት፣ ከብብት የሚወጣው ቀንበጥ እሱ ነው። የአበባው ዘለላ ግን ከብብት አይወጣም፣ በሁለት ቅጠል መሀል ከግንዱ ቀጥታ ነው የሚወጣው፣ እሱን እንዳትነካው።

ጣት ሳይሞላ በእጅህ ወደ ጎን ገፋ አድርገህ ቀንጥሰው፣ በደረቅ ቀን፣ ቁስሉ ቶሎ እንዲደርቅ። እጅህን ታጠብ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከሆንክ በተለይ በሳሙና ታጠብ፣ የትምባሆ ሞዛይክ የሚባል ቫይረስ ከሲጋራው ወደ ቲማቲሙ በእጅ ይተላለፋል። ትንሽ ካለፈህና ቀንበጡ አንድ ስንዝር ከሆነ ደሞ ውሃ ውስጥ አስቀምጠህ ሥር አስወጣው፣ ለጎረቤት ስጦታ ይሆናል፣ እኔ ግቢያችን ውስጥ እንደዚህ ያልሰጠሁት ሰው የለም። ሮማ ቪኤፍንና የመልካ ዘሮችን ግን አትቁረጥ! እነሱ ራሳቸው የሚያቆሙ ስለሆኑ ቅርንጫፋቸውን ስትቆርጥ ፍሬህን ነው የምትቆርጠው፣ መሬት የሚነካውን ቅጠል ብቻ አንሳላቸው። ቅጠሉንም በአንዴ አትግፈፈው፣ ፍሬው ጥላ ካጣ ፀሐይ ያቃጥለውና ነጭ ጠባሳ ያወጣል።

እናትህን ሰላም በልልኝ።

ጥያቄ፣ ከገርጂ፦ "የቲማቲሜ ፍሬ ከታች፣ አበባው በነበረበት በኩል፣ ጠቁሮ ቆዳ እየመሰለ ይጎደጉዳል። በሽታ ነው ብለው መድኃኒት ርጪ አሉኝ። በነገራችን ላይ እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው፣ በሳምንት 2 ቀን ነው የሚመጣው።"

መልስ፦ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት። በሽታ አይደለም፣ ምንም አትርጪ፣ ብርሽን ያዢ። ፍሬው ካልሲየም አጥቶ ነው። ካልሲየም ግን አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ ውስጥ አለ፣ ወደ ፍሬው የሚሄደው ከውሃ ጋር ስለሆነ ውሃው ሲቋረጥ እሱም ይቋረጣል። 3 ቀን ደርቆ በ4ኛው ቀን የሚጥለቀለቅ ባልዲ ይሄ ነው የሚያመጣው። ብዙ ሰው የእንቁላል ቅርፊት ይፈጫል፣ አይጎዳም ግን በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚሟሟው፣ ለዘንድሮው ፍሬ አይደርስም። ዩሪያ እየጨመርሽ ከሆነ ደሞ አቁሚ፣ ቅጠል ብቻ እያበዛ ውሃውንም ካልሲየሙንም ወደ ቅጠሉ ነው የሚወስደው።

በፈረቃ ውሃ የሚኖር ሰው (እኔም ነኝ) ማድረግ የሚችለው ይሄ ነው። የ2 ሊትር ሃይላንድ ክዳኑን በመርፌ 2 ቦታ ብሺ፣ ታቹን ቁረጪው፣ ዘቅዝቀሽ አፉን አፈሩ ውስጥ አንድ ስንዝር ቅበሪው፣ ጠዋት ሞልተሽው ስትሄጂ ቀስ እያለ ቀጥታ ሥሩ ጋ ይንጠባጠባል። ትልቅ የሆነ ቲማቲም በፀሐያማ ቀን 2 ሊትርና ከዛም በላይ ይጠጣል፣ ስለዚ ለ3 ቀን የሚሆን ጀሪካን ለሱ ብቻ ለይተሽ አስቀምጪ። አፈሩን ከላይ በጭድ ወይ በደረቅ ሳር አራት ጣት ያህል አልብሺው፣ ይሄ ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ያስገርምሻል። ሩዝና አትክልት ያጠብሽበት ውሃ ጥሩ ነው፣ ጨው የገባበትና የሳሙና እጣቢ ግን አይሆንም። የጠቆረውን ፍሬ ቆርጠሽ ጥለሽ ሌላውን ክፍል ስልስ ውስጥ ብትጨምሪው ችግር የለውም፣ የሚበላ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ፍሬ ውሃው ከተስተካከለ ንፁህ ሆኖ ይወጣል።

ጥያቄ፣ ከቦሌ፦ "በረንዳዬ በመስታወት የተዘጋ ነው። ተክሉ ሲባጎ ይዞ እንዳልሽው ቆሟል፣ አበባም ያወጣል፣ ግን አበባው ቢጫ ሆኖ ከነአንገቱ ይረግፋል።"

መልስ፦ የቲማቲም አበባ ወንዴና ሴቴው አንድ ላይ ነው፣ ሌላ ተክል አይፈልግም፣ ግን ፍሬ የሚያስይዘው የአበባው ዱቄት እንደ ጨው መነስነሻ ባለ ዝግ ነገር ውስጥ ስለሆነ ካልተነቀነቀ አይወርድም። ውጪ ቢሆን ነፋስ ይነቀንቀዋል፣ ደሞ ትልቋ ጥቁሯ እንጨት የምትበሳዋ ንብ አበባው ላይ ሆና ክንፏን ስታርገበግብ ታወርደዋለች፣ የማር ንብ ይሄን አትችልም። አንተ ጋ መስታወቱ ሁለቱንም ከልክሏል። ስለዚ ረፋድ ከ4 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ባለው አየሩ ደረቅ ሲሆን መስኮቱን ክፈትና ሲባጎውን በጣትህ እንደ ክራር ንካው፣ ተክሉ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፣ በየቀኑ አንድ ጊዜ ይበቃል። ሲባጎ ከዱላ የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው እንግዲህ።

ሌላው ብርዱ ነው። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ ዱቄቱ በደንብ አይሰራም፣ አዲስ አበባ ደሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ትወርዳለች። እኔ ስለዚህ ነው ዘሬን ታኅሣሥ ላይ ቤት ውስጥ የማፈላው፣ ጥር መጨረሻ ወደ ባልዲ፣ አበባው የካቲትና መጋቢት ላይ ሙቀት ያገኛል፣ ትልቁ ዝናብ ሳይመጣ ፍሬዬን ለቅሜ እጨርሳለሁ።

ጥያቄ፣ ከሪያድ፦ "እህቴ እኔ ሪያድ ሰው ቤት ነው የምሰራው። ማዳም ሰገነቱ ላይ እንድተክል ፈቅዳልኛለች፣ ባልዲም ገዝታልኛለች። አምና በሚያዝያ ተከልኩ፣ እስከ ደረቴ አደገ ግን አንድ ፍሬ አልያዘም፣ በኋላም ተቃጠለ። የአገሬን ስልስ በራሴ ቲማቲም መስራት አምሮኛል።"

መልስ፦ የኔ ቆንጆ፣ ይሄ ደብዳቤሽ ልቤን ነካው፣ ዘንድሮ በእግዚአብሔር ፈቃድ ትበያለሽ። ጥፋቱ ያንቺ ሳይሆን የወሩ ነው። በኛ አገር የሚያዝያ ሙቀት ጥሩ ነው፣ እናንተ ጋ ግን ከሚያዝያ በኋላ ያለው ቀን 40 ዲግሪና ከዛ በላይ ነው፣ ቲማቲም ደሞ ቀኑ ከ32፣ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ያበባው ዱቄት ይሞትበታል፣ አበባው አለ ግን አይዝም። እናንተ ጋ ጊዜው የተገለበጠ ነው፣ ዘሩን መስከረም ላይ ጥላ ውስጥ አፍዪ፣ ጥቅምት ላይ ወደ ባልዲ አዙሪ፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ትለቅሚያለሽ። ባልዲው ጥቁር ከሆነ ነጭ ቀለም ቀቢው ወይ ነጭ ጨርቅ ጠቅልዪበት፣ ሰገነት ላይ ጥቁር ባልዲ ሥሩን ይቀቅለዋል። ከሲሚንቶው በሁለት ጡብ ከፍ አድርጊው። ሰገነት ላይ ከላይ የምታስሪበት ነገር ላይኖር ይችላል፣ ያኔ ሁለት ባልዲ ጎን ለጎን አድርገሽ በያንዳንዱ ሁለት ሁለት ዘንግ ሰክተሽ ከላይ በአንድ ረጅም ዘንግ አገናኚያቸው፣ ልክ እንደ ጎል ማለት ነው፣ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል፣ ሲባጎውን ከዛ ታወርጂያለሽ። አንደኛውን እግር ከሰገነቱ አጥር ብረት ጋር እሰሪው፣ የአሸዋ ነፋስ ቀላል አይደለም። ውሃ ማታ ወይ በጣም ማለዳ አጠጪ፣ ቱቦ ውስጥ የዋለውን ትኩስ ውሃ መጀመሪያ አፍስሺው።

ስልሱን ስትሰሪ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ "ሱቅ የሚሸጠውን ሾጣጣ የሽቦ ማቆሚያ ገዝቼ ነበር፣ ሐምሌ ላይ ተጣመመ። ደሞ ከአዲስ አበባ ዘር ሊያመጡልኝ ነው፣ ምን ላስመጣ?"

መልስ፦ ያ ሾጣጣ ሽቦ 1 ሜትር ገደማ ነው፣ እሱ ለበርበሬና ለሮማ ነው የሚሆነው፣ ቼሪ ከተከልክ በናንተ ረጅም የሐምሌ ቀን 2 ሜትር ይሄዳል፣ ሽቦው ምን ያድርግ። ለግንባታ የሚሸጠውን እጅ የሚያስገባ ሰፊ ቀዳዳ ያለው የብረት መረብ ግዛ፣ በባልዲው ዙሪያ ክብ አድርገህ ጠቅልለው፣ ከባልዲው ጆሮና ከበረንዳው ብረት ጋር እሰረው፣ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ባልዲህን ከማውጣትህ በፊት ግን የአፓርታማህን ደንብ አንብብ፣ በረንዳ ላይ ዕቃ የሚከለክል አለ። ዘሩን በተመለከተ ተወው ወንድሜ፣ በሻንጣ ዘር ይዞ አሜሪካ መግባት ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት የሚጠይቅ ነገር ነው፣ ሰው ኤርፖርት ላይ አታስቸግር፣ ሮማ እዛው የተገኘ ዘር ነው፣ የተዳቀለው በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ነው፣ በፈረንጆቹ 1955 የወጣ። ችግኙን የእናቶች ቀን ካለፈ በኋላ፣ ማለት ከግንቦት ሁለተኛ እሑድ በኋላ በፈረንጆቹ፣ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች መውረድ ሲያቆም አውጣው። ቀድመው ያወጡት ሰዎች ውርጭ ይመታባቸውና ሁለት ጊዜ ይገዛሉ።

ጥያቄ፣ ከሀዋሳ፦ "ባልዲውን ሰቅሎ ቲማቲሙን ዘቅዝቆ መትከል ይቻላል ወይ? ማቆሚያ አያስፈልገውም ብለውኝ ነው።"

መልስ፦ ይቻላል፣ እኔ ግን አልመክርም። ተክሉ ተዘቅዝቆ መኖር አይፈልግም፣ ጫፉ እየተቀለበሰ ወደ ላይ ይወጣል፣ እዛ እጥፋቱ ጋ ይሰበራል፣ ውሃው በቀዳዳው በግንዱ ላይ ይወርዳል፣ ከ25 ኪሎ በላይ የሚመዝን ነገር ደሞ ከራስ በላይ ተንጠልጥሏል። ማቆሚያ ለማስቀረት ሲባል መስቀያ መስራት ሆነ። ሲባጎ ይሻልሻል።

ጥያቄ፣ ከኮተቤ፦ "ሐምሌ ላይ ቲማቲሜ በ3 ቀን ውስጥ ቅጠሉ ጠቁሮ እንደተቀቀለ ሆነ፣ ግንዱም ቡኒ ቡኒ አለ፣ ሰው ምች ነው አለኝ። የከረመው ባልዲ ውስጥ መልሼ ልትከል?"

መልስ፦ ይሄ ሌት ብላይት የሚባለው ነው፣ ድንችንም የሚያጠቃው ያው ነው፣ በፈረንጆቹ 1845 አየርላንድ ገብቶ የዛን አገር ሕዝብ በረሃብ የጨረሰው በሽታ ይሄ ነበር፣ ስለዚ ፍጥነቱ አይግረምህ። ብርድና እርጥበት ሲገናኙ ነው የሚመጣው፣ የኛ ሐምሌና ነሐሴ ለሱ የተመቸ ነው። ቅጠሉ ላይ ውሃ ሰዓታት ካልቆመ ግን አይነሳም፣ እዚህ ጋ ነው ባልዲና ሲባጎ ከማሳ የሚበልጡት፣ ባልዲውን ክዳን ሥር ታስገባዋለህ፣ ተክሉ ወደ ላይ ስለቆመ አየር በመሀሉ ያልፋል፣ ቅጠሉ ቶሎ ይደርቃል። ክረምት ላይ ግድ መትከል ካለብህ ዝናብ የማይነካው ቦታ፣ በሁለቱ ባልዲ መሀል አንድ ክንድ ርቀት፣ ውሃ ሥሩ ላይ ብቻ፣ ከታች ያሉት ቅጠሎች እስከ ጉልበት ድረስ የተነሱ። የተያዘውን ተክል ነቅለህ በፌስታል ቋጥረህ አስወግድ፣ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምረው። ባልዲውን በበረኪና እጠበው፣ ሲባጎውን አቃጥለው፣ ዱላውንም እጠበው፣ ብዙ ሰው ዱላውን ይረሳዋል። አፈሩን ለጎመን ወይ ለቆስጣ አድርገው፣ ለቲማቲም፣ ለድንችና ለቃሪያ ግን አዲስ አፈር ያዝ።

ቅጠሉ ላይ ጥቁር ሳይሆን ነጭ ነጭ የተቦረቦረ መንገድ ካየህ ደሞ ያ ሌላ ነገር ነው፣ ቱታ አብሶሉታ የሚባለው ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ትል ነው፣ አገራችን ከገባ ከ2012 ወዲህ (በፈረንጆቹ) ገበሬውን ያስለቀሰ። ባልዲ ላይ ግን በእጅ ትቆጣጠረዋለህ፣ በየጠዋቱ ቅጠሉን ገልብጠህ አይተህ የተበላውን ቀንጥሰህ ሳሙና ውሃ ውስጥ ትነክረዋለህ።

ጥያቄ፣ ከጉለሌ፦ "ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የ71 ዓመት አባት ነኝ። ባልዲ መግዛት አልፈለግኩም፣ ቤት ውስጥ የዘይት ጀሪካን ሞልቷል። ዘሩንስ ከገበያ ቲማቲም ባወጣው ይሆናል?"

መልስ፦ ጋሼ፣ እንደርስዎ ያለ ጠያቂ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ከባልዲ አይተናነስም፣ ባለ 5 ሊትሩን ለችግኝና ለቃሪያ ያድርጉት። በሙቅ ውሃና ሳሙና ዘይቱን በደንብ ያስለቅቁ። ከዛ አንገቱን ከነክዳኑ ይቁረጡት፣ እጀታውን ግን አይንኩት፣ የማቆሚያውን ዘንግ በእጀታው ቀዳዳ ሰክተው ሲያሳልፉት ጀሪካኑ ራሱ ይይዝልዎታል፣ ባልዲ ይሄ የለውም።

ከገበያ ቲማቲም የወጣ ዘር ይበቅላል፣ ግን ገበያ ላይ ያለው ዲቃላ ሊሆን ስለሚችል ልጁ እናቱን ላይመስል ይችላል፣ አንዱ አጭር አንዱ ረጅም ሊወጣብዎ ይችላል፣ ስለዚ ለሁሉም ረጅም ዘንግ ያዘጋጁ። በደንብ የቀላ ቲማቲም ይምረጡ፣ ዘሩን ከነልጋጉ በብርጭቆ ትንሽ ውሃ ጨምረው 2 ወይ 3 ቀን ያቆዩት፣ ትንሽ ይሸታል፣ ልጋጉ ሲለቅ ያጠቡትና ሳህን ላይ ያድርቁት፣ ወረቀት ላይ ካደረቁት ይጣበቃል። ጎንበስ ማለት እንዳይከብድዎ ጀሪካኑን አግዳሚ ወንበር አጠገብ ግድግዳውን አስጠግተው ያስቀምጡት፣ ያኔ ቁጭ ብለው ቀንበጡን መቀንጠስ ይችላሉ። ሲባጎውን ከላይ ለማሰር ግን መሰላል ላይ አይውጡብኝ፣ ከልጅ ልጆችዎ አንዱን ይጥሩ።